ደወሉ ከመደወሉ በፊት
በጉለሌ ለሰበካ ጉባኤያት ተወካዮች የቀረበ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል። በዝናብ የራሰ ተራራ ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ጎረቤት ዶማና አካፋ ይዞ ደረሰ፤ በቁፋሮ ላይ ሳለም መሬቱ ዳግመኛ ተናደበት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹም ሊያድኑ የመጡ ነበሩ።

እነዚያን ሰዎች ፍቅር ነውና የሰበሰባቸው ማንም ሊነቅፋቸው አይገባም። ይሁን እንጂ በሀገራችን ልማድ እሪታም ደወልም «ኑ» ማለት ነው። ሕዝብን ከአደጋ ስፍራ ለማውጣት ግን «ሂዱ» የሚል ምልክት ያስፈልጋል። ከደወል ሥር ላደግሁ ለእኔ ይህን መናገር ቀላል አይደለም። ቢሆንም በጭንቅ ሰዓት ደወሉ ምን ማለት እንደሆነና ሕዝቡ ወዴት እንደሚሄድ እያንዳንዱ ደብር ከወረዳው ጋር ተነጋግሮ አስቀድሞ ሊወስን ይገባል።

የምንኖረው ከእንጦጦ ሥር ነው። ቁልቁለቱ የክረምቱን ውኃ ፈጥኖ ወደ ወንዞቻችን ያወርዳል፤ በወንዝ ዳር ላለ ቤት የሚተርፈው ጊዜ አጭር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የድሬዳዋን ሕዝብ ጎርፍ የወሰደው በሌሊት፣ በተኛበት ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ትኩረቱን ከድኅረ አደጋ ርዳታ ወደ ቅድመ ዝግጅት አዙሯል፤ ኃላፊነቱም እስከ ወረዳ ይወርዳል። የከተማችን የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የአደጋ ጥሪ 939 ነው። እኛ እነርሱን አንተካም። የወረዳው ሠራተኛ ግን የአልጋ ቁራኛው በየትኛው ቤት እንዳለ ላያውቅ ይችላል፤ የንስሐ አባት ያውቃል። የምንመዘግበው የቤቱን ስፍራና ተሸካሚ የሚያስፈልገው መሆኑን ብቻ ነው፤ ያውም ባለቤቱ ሲፈቅድ። ምስጢረ ንስሐ በዚህ አይነካም።

ስለ መጠለያ ጥቂት ልጨምር። ሁሉም ቀድሞ የሚያስበው ትምህርት ቤትን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ክፍሎቹ ባዶ ስለሆኑ ይህ ያስኬዳል። የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ወገኖቻችንን የቀጠፈው ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ተማሪዎች በትምህርት ላይ ባሉበት ወራት። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሾቻችን በወረዳው ዕቅድ ውስጥ በጽሑፍ ይግቡ። አዳራሽ ስል ጣሪያውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ውኃው ከየት ይመጣል? መጸዳጃው ለስንት ሰው ይበቃል? አራስ እናት የት ትተኛለች? ከሁሉ በፊት ደግሞ፣ ቁልፉ በሌሊት በማን እጅ ነው? ብዙውን ጊዜ ያለው በአንድ ሰው እጅ ነው፤ እርሱም ከደብሩ ርቆ ያድራል። ከዚህ ስትመለሱ ሁለተኛውን ቁልፍ አስቀርጹና በግቢው ለሚያድረው ዘበኛ ስጡት።