የሽቶ ቤት ዘመዶቻችን



የተጋበዝኩት ስለ ሕክምና እንዳወራ ነበር። እኔ ግን የምጀምረው ከሽቶ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ፣ ወደ ሕክምናው እመጣለሁ።

አንደኛ ዓመት የተማርነውን አስታውሱ። ኦርጋኒክ አሲድና አልኮል፣ ጥቂት ሰልፈሪክ አሲድ ተጨምሮበት ሲሞቅ፣ ውሃ ይወጣና ኤስተር ይገኛል። ቢዩቲሪክ አሲድ የተበላሸ ቅቤ ሽታ ነው፤ ስሙም የመጣው ከቅቤ ነው። ከኤታኖል፣ ማለትም አረቄ ውስጥ ካለው አልኮል ጋር ሲጣመር ግን አናናስ አናናስ ይሸታል። ይሄ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ሙዝ ሙዝ የሚለው አይሶአሚል አሲቴት ነው፤ ንብ ስትነድፍ ሌሎቹን የምትጠራውም በሱው ነው። ጃስሚን ውስጥ ቤንዛይል አሲቴት፣ ላቬንደር ውስጥ ሊናሊል አሲቴት አለ። ፍሬ ፍሬ የሚሉት ትንንሾቹ ኤስተሮች ቶሎ ይተናሉ፤ ሽቶ ስትረጩ ቀድመው የሚሸቱትም፣ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ሽታው ቆዳ ላይ እንዲቆይ ሽቶ ቀማሚዎች ከባዱን ቤንዛይል ቤንዞኤት ይጨምራሉ።

ሐኪሞቹ ስትስቁ አየሁ። አዎ፣ እከክ የምናክምበት የ25 በመቶው ሎሽን እኮ ነው!

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላኛው ዘመድ፣ ሜታይል ሳሊሲሌት ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም በሚታሹ ቅባቶች ውስጥ አለ፤ ሽታው እንደ ማስቲካ ነው። ንጹሑ ዘይት በአንድ የሻይ ማንኪያ 7 ግራም ያህል ሳሊሲሌት ይይዛል፤ ባለ 325 ሚሊግራም አስፕሪን ከ20 ፍሬ በላይ ማለት ነው። ሕፃን ሊገድል ይችላል። ሽታው ደግሞ ልጁን ይጠራዋል። ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ፣ የሚያስመልሰው ልጅ ሲመጣ እናትየዋን “መድኃኒት ጠጥቷል ወይ?” ብትሏት “ኧረ አልጠጣም” ትላችኋለች፤ የሚታሸውን ዘይት መድኃኒት ብላ አትቆጥረውማ። “ቤት ውስጥ ምን የሚታሽ ነገር አለ? ጠርሙሱ ጎድሏል ወይ?” በሏት።

ተማሪዎች አንድ ነገር ሲያምታቱም እሰማለሁ። ስኳሩ ከፍ ብሎ ደሙ አሲድ የሆነበት ሕመምተኛ ትንፋሹ ፍራፍሬ ፍራፍሬ ይሸታል እንላለን። ያ አሴቶን ነው፤ ኪቶን እንጂ ኤስተር አይደለም። ሁሉም አፍንጫ ደግሞ አይለየውም፤ ባይሸታችሁም ስኳሩን ለኩ፣ ኪቶኑን እዩ። ጠጥቶ ነው ብላችሁ አትለፉት።

መምህራን፣ የኤስተሩን ላቦራቶሪ በስላይድ አትተኩብን፤ ተማሪው በአፍንጫው ይማረው። ምሳ እስኪቀርብ ጥያቄ ካላችሁ እዚሁ ነኝ።