ፈርሲሎቹን ቈጥረን ሰዎቹን ረሳን
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው የዕረፍት ወራት እኛ ሦስት የዚህ ኅብረት አባሎች በአላስካ ግዛት በቤሪንግ ባሕር መካከል ወደምትገኘው ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ደሴት ሄደን ነበር። ኅብረቱ «ያያችሁትን ንገሩን» ስላለን፥ ተራ በተራ ከመናገር ይልቅ ቃላችንን በአንድነት ጽፈን አምጥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱ ከአንኮሬጅ ከተማ ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስፋትዋ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ዛፍ የሚባል አይበቅልባትም። ነዋሪዎችዋ አራት መቶ ያህል ሲሆኑ፥ አብዛኞቹ ሌላው ዓለም አሌውት የሚላቸው፥ ራሳቸውን ግን ኡናንጋን የሚሉት ሕዝብ ናቸው። ጉሙ አልገለጥ ስላለ አውሮፕላናችን ሁለት ቀን ዘግይቶ ተነሣ።

ለምን ሄዳችሁ ለሚለን መልሳችን አጭር ነው፤ እንስሳትና ወፎች ለማየት ነው። በዚህም አላፈርንም። ፈርሲል የሚባለው ባለጠጕር የባሕር እንስሳ ታላቁ መንጋው የሚወልደው በዚህችና በጎረቤትዋ በቅዱስ ጊዮርጊስ ደሴት ዳርቻ ነው። ወንዱ እስከ 270 ኪሎ ይመዝናል፤ ሴቲቱ ግን ከ50 ኪሎ እምብዛም አታልፍም። ወንዶቹ በግንቦት መጥተው ድንጋያማውን ዳርቻ ይከፋፈላሉ፤ የያዙትንም ስፍራ ላለማስነጠቅ ሁለት ወር ያህል ሳይበሉ ይቈያሉ። ለተመልካች ከተሠራው የእንጨት መከለያ ሆነን ጩኸታቸውን ስንሰማ የገበያ ቀን መሰለን። በገደሉ ላይ ደግሞ እግረ ቀዩ ኪቲዌክና ምንቃሩ የደመቀው ፓፊን በብዙ ሺህ ሆነው ይሰፍራሉ። ደሴቲቱ ከአይጥ ተጠብቃ የኖረች ስለሆነች በወደቡ ዙሪያ ወጥመድ ተዘርግቷል፤ በ2024 አንድ አይጥ ታየ ቢባል ለወራት ፍለጋ ተደርጓል። አይጥ ከገባ በየድንጋዩ ስንጥቅ የተጣለው ዕንቍላልና ጫጩት ይጠፋልና።

ያየነውን በየምሽቱ በደብተር እንጽፍ ነበር። ደብተሩ አራት ዓምድ ነበረው፤ ቀን፥ የአየር ጠባይ፥ የወፍ ዓይነት፥ የፈርሲል ብዛት። በሦስተኛው ምሽት ሻይ የጋበዙን አንዲት አሮጊት እናት «እስቲ አንብቡልኝ» አሉን። አነበብንላቸው። በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፥ «እኛን የጻፋችሁትስ የቱ ላይ ነው?» ብለው ጠየቁን። መልስ አልነበረንም። በዚያ ምሽትና በማግሥቱ እርሳቸው የነገሩንን፥ ከተመለስንም በኋላ ከመጻሕፍት ያገኘነውን ነው ዛሬ ልናካፍላችሁ የምንወደው።

መጻሕፍቱ ደሴቶቹን ያገኛቸው ጋቭሪል ፕሪቢሎፍ የተባለ የሩሲያ መርከበኛ ነው ይላሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን በ1786 አገኘ፥ ቅዱስ ጳውሎስም በ1787 ታየች። ኡናንጋኖች ግን ከዚያ አስቀድሞ አንድ የአለቃ ልጅ ማዕበል ታንኳውን ገፍቶት ደሴቶቹን አይቶ እንደ ተመለሰ ይተርካሉ። ሩሲያውያን ስሙን የሰጡት በጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ቀን ስላዩዋት ነው፤ ይህም እኛ የሐዋርያትን ጾም የምንፈታበት ሐምሌ 5 ቀን ነው። በደሴቲቱ ላይ የጳውሎስ ስም ብቻ ቢቀርም የመንደሩ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

ያን ጊዜ በደሴቶቹ ላይ የሚኖር ሰው አልነበረም። የቁርበት ነጋዴዎቹ ግን በአደን የሠለጠነ እጅ ስለፈለጉ ኡናንጋኖችን ከትውልድ ደሴቶቻቸው እየወሰዱ አሰፈሩባቸው። በ1867 ሩሲያ አላስካን በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ ስትሸጥ ጌታው ተለወጠ እንጂ ሥራው አልተለወጠም። መጀመሪያ ኩባንያዎች በኪራይ ያዙት፤ ከ1910 ወዲህ መንግሥት ራሱ ያዘው። ለብዙ ዘመን የሠራተኞቹ ዋጋ አብዛኛው በምግብና በዕቃ ይከፈል ነበር፤ ከደሴቲቱ ለመውጣትም የሹም ፈቃድ ያሻቸው ነበር።

በ1911 አሜሪካ፥ ሩሲያ፥ ጃፓን፥ ስለ ካናዳም እንግሊዝ ተዋውለው ፈርሲልን በባሕር ላይ ማደን ከለከሉ። እናቲቱ ለምግብ ፍለጋ በወጣችበት በባሕር ላይ ከተገደለች፥ ግልገልዋ በዳርቻው በረኃብ ያልቃልና። የዱር እንስሳን ለመጠበቅ መንግሥታት ካደረጉዋቸው ውሎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እየተባለ በክብር ይነሣል፤ መንጋውንም ከጥፋት አድኗል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን በደሴቶቹ ላይ ከሚገኘው ቁርበት ለካናዳ 15 በመቶ፥ ለጃፓን 15 በመቶ ድርሻ ሲመደብ፥ እንስሳውን ለሚያርዱትና ቁርበቱን ለሚገፉት ሰዎች ከመቶ አንድ እንኳ አልተመደበም።

በሰኔ 1942 የጃፓን ጦር ደች ሃርበርን ደብድቦ አቱንና ኪስካን በያዘ ጊዜ፥ የአሜሪካ መንግሥት 881 ኡናንጋኖችን ከዘጠኝ መንደሮች አንሥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አላስካ ወሰዳቸው። የቅዱስ ጳውሎስ ሰዎች ፈንተር ቤይ በተባለ ስፍራ በተተወ የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ውስጥ ታጐሩ። ንጹሕ ውሃ፥ በቂ ሙቀት፥ በቂ ሕክምና አልነበረም። ከተነሡት ሁሉ ከዐሥር አንዱ ያህል በስደቱ ሞተ። ይህም ሆኖ በ1943 መንግሥት ወንዶቹን ወደ ደሴቶቹ መልሶ ፈርሲል አሳረዳቸው፤ ሴቶቹና ልጆቹ እዚያው ቀሩ። ለመኖር ያሰጋል የተባለው ስፍራ ለሥራ ሲሆን አላሰጋም። የአሮጊቷ እናት በዚያ መርከብ ከተጫኑት ልጆች አንዷ ነበሩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንዲሉ፥ ይህን ሲነግሩን በፈንተር ቤይ ያለውን መቃብር ስፍራ በጠረጴዛው ላይ በጣታቸው እየሣሉ ነበር። የአገሩ ሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ለተገኙት ለእያንዳንዳቸው 12,000 ዶላር ካሣ የወሰነው በ1988 ነው።

መንግሥት በ1983 የደሴቶቹን አስተዳደር ለቀቀ፤ በ1984 በቅዱስ ጳውሎስ ለንግድ የሚደረገው እርድ አበቃ። ዛሬ ፈርሲል የሚታረደው ለነዋሪው ምግብ ነው። ገቢያቸው በዓሣና በሸርጣን ላይ ቆመ፤ ነገር ግን ባሕሩ በመሞቁ የበረዶ ሸርጣን የተባለው በቢሊዮን እየተቈጠረ አለቀ፤ በ2022 የማጥመጃው ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘጋ። የፈርሲሉም መንጋ፥ የንግዱ እርድ ከቆመ ስንት ዓመት ሆኖት፥ በቅዱስ ጳውሎስ እየሳሳ ሄዷል። ይህን የሚከታተሉት ከሩቅ የሚመጡ ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። የነገዱ አስተዳደር የራሱ የተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ አለው፤ ሠራተኞቹ በመረብና በገመድ የተተበተበውን ፈርሲል ይፈታሉ፥ ያዩትን ይመዘግባሉ። ትናንት ለእርዱ ብቻ የሚፈለጉት ሰዎች ዛሬ የመንጋው ጠባቂዎች ናቸው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ይህን ሁሉ ያልነው ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ እኛም ራሳችን በሻይ ገበታ ላይ ተወቅሰናልና ነው። ነገ ብዙዎቻችን መጠይቅ ይዘን ወደ ገጠራችን እንሄዳለን። ስለ ሰሜን ተራሮች ስንነጋገር ዋልያው ስንት ደረሰ ብለን የምንጠይቅ ብዙዎች ነን፤ በ2016 ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ተነሥተው ደባርቅ የሰፈሩት ሰዎች እንዴት ይኖራሉ ብለን የጠየቅን ግን ስንቶቻችን ነን? ዋልያው ይጠበቅ፤ ይህን አጥብቀን እንላለን። ነገር ግን ከጥበቃው ዋጋ የሚበዛውን የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ሳይጻፍ የሚቀር ጥናት ግማሽ ጥናት ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ ሁለት ልመና እናቀርባለን። አባሎች ለጥናት ወይም ለጕብኝት ሲነሡ የስፍራውን ሰዎች ታሪክ አስቀድመው ያንብቡ። ሲመለሱም የጻፉትን በመጀመሪያ ለባለ ታሪኮቹ ይላኩ። እኛ በሁለተኛው ዘግይተናል፤ ይህን ንግግር ወደ እንግሊዝኛ መልሰን ለአሮጊቷ እናት ለመላክ ገና በማዘጋጀት ላይ ነን። ስሕተት ካለበት እርሳቸው ያርሙናል፤ እርማታቸውንም በዚሁ ጋዜጣ እናወጣለን።