ስለ ቅርጫት ኳስ ቡድናችን የውድድር ወራት መጀመሪያና ስለ ደጋፊ ተግባር

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ቡድን በየዓመቱ በኖቬምበር ወር ውድድሩን ሲጀምር፣ ደጋፊዎች የሆንን ተማሪዎች ምን እንጠብቃለን? የምንጠብቀውስ በምን ምክንያት ነው? «ይህ ከትምህርት የተረፈ ጊዜ ማሳለፊያ ነው» የሚል ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን በሺህ የምንቆጠር ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበን በእኩዮቻችን ላይ የምንፈርድበት ጉዳይ ስለ ሆነ፣ አፈራረዳችን ሊመረመር ይገባዋል ብለን እናምናለን። በንግግራችን የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ የወራቱን አከፋፈል እንመልከት። በኖቬምበርና በዲሴምበር የሚደረገው አብዛኛው ጨዋታ፣ ቡድናችን ከሚገኝበት ከአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ ውጭ ካሉ ኮሌጆች ጋራ ነው። ከነዚህም አንዳንዶቹ ክፍያ ተቀብለው ወደ ሻርሎትስቪል የሚመጡ ትንንሽ ኮሌጆች ሲሆኑ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ በሌላ ከተማ የሚያጋጥሙን ብርቱዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ የኮንፈረንሱ ጨዋታ ይቀጥላል። በማርች ወር ለብሔራዊው ውድድር ቡድኖች ይመረጣሉ፤ በዚያም አንድ ጊዜ የተሸነፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የእኛ የደጋፊዎች ልማድ ግን ይህን አከፋፈል አይጠብቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ትንንሽ ኮሌጆችን ስናሸንፍ የዋንጫ ወሬ እንጀምራለን። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ስንሸነፍ ደግሞ አሠልጣኙ ይሻር፣ እገሌ ከሜዳ ይውጣ እንላለን። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚሉት አባቶቻችን እኛን አይተው የተናገሩት ይመስላል።

የዚህ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ታሪክ ራሱ ለዚህ ከሁሉ የበለጠ ምስክር ነው። በ1982 ዓ.ም. ዲሴምበር 23 ቀን ቡድኑ በአገሩ አንደኛ ደረጃ ተሰጥቶት፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ራልፍ ሳምፕሰንን ይዞ በሆኖሉሉ ከቻሚናድ ጋራ ተጋጠመ። ቻሚናድ ስሙን ብዙ ሰው የማያውቀው ትንሽ ኮሌጅ ነበር። ውጤቱ 77 ለ72 ሆኖ ቻሚናድ አሸነፈ። ጋዜጦች ሁሉ ተገረሙ። ይሁን እንጂ የዚያ ዓመት ቡድን በዚህ አልፈረሰም፤ በ1983 ዓ.ም. ማርች እስከ ምዕራቡ ክፍል ፍጻሜ ደርሶ፣ ኋላ የዋንጫው ባለቤት በሆነው በኖርዝ ካሮላይና ስቴት የተሸነፈው በአንድ ነጥብ ብቻ፣ 63 ለ62 ነው። በዲሴምበር የተሰማው መርዶ የማርቹን ጉዞ አላስቀረውም።

ሁለተኛው ምስክር ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በ2017 ዓ.ም. መጸው ወራቱ ሲከፈት ቡድናችን ከምርጥ 25ቱ ውስጥ አልተቆጠረም ነበር። በዲሴምበር 5 ቀን በዌስት ቨርጂኒያ 68 ለ61 ሲሸነፍ ብዙዎች «እንደ ጠበቅነው ሆነ» አሉ። ነገር ግን በቶኒ ቤኔት የሚሠለጥነው ይህ ቡድን ከኮንፈረንሱ 18 ጨዋታዎች 17ቱን አሸነፈ፤ የኮንፈረንሱንም ዋንጫ ወሰደ፤ 31 ጊዜ አሸንፎ 2 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ በአንደኝነት ወደ ብሔራዊው ውድድር ገባ። እዚያም ማርች 16 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ካሮላይና በሻርሎት ከተማ፣ በክፍሉ 16ኛ ከተባለው ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር ካውንቲ ጋራ ተገናኘ። ከዚያ ቀን በፊት በወንዶች ውድድር አንደኞች ከ16ኞች ጋራ 135 ጊዜ ተጋጥመው 135 ጊዜ አሸንፈዋል። በዕረፍት ሰዓት ውጤቱ 21 ለ21 ነበር። በመጨረሻው 74 ለ54 ሆኖ ቡድናችን ተሸነፈ። ኖቬምበር የናቀውን ቡድን ጥር ከፍ አደረገው፤ ማርች ደግሞ ጣለው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ትምህርቱ ተስፋ መቁረጥ በሆነ ነበር። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት ከነዚያው ተጫዋቾች አብዛኞቹ ተመልሰው መጡ። በኖቬምበር 2018 ዓ.ም. በባሃማስ በተደረገው ውድድር አሸነፉ፤ ሰው ግን «ማርች ሲመጣ እናያለን» እያለ ይጠራጠራቸው ነበር። ማርችም መጣ። በመጀመሪያው ጨዋታ በ16ኛው በጋርድነር ዌብ በዕረፍት ሰዓት 36 ለ30 ሲመሩ የብዙ ደጋፊ ልብ ቆሞ ነበር። እነርሱ ግን 71 ለ56 አሸነፉ። ከፐርዱ ጋራ በተደረገው ጨዋታ የጊኒው ተወላጅ ማማዲ ዲያኪቴ መደበኛው ሰዓት ሲያልቅ ባስገባት ኳስ አቻ ሆነው፣ በተጨማሪ ሰዓት 80 ለ75 አሸነፉ። ከኦበርን ጋራ በተደረገው ካይል ጋይ ስድስት ዐሥረኛ ሴኮንድ ሲቀር ሦስት የቅጣት ውርወራዎች ተሰጥተውት ሦስቱንም አገባ፤ ውጤቱም 63 ለ62 ሆነ። ኤፕሪል 8 ቀን 2019 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ ቴክሳስ ቴክን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ77 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ካይል ጋይ ከ2018ቱ ሽንፈት በኋላ ስለ ጭንቀቱ በግልጽ የጻፈ ወጣት መሆኑን ስናስታውስ፣ እነዚያ ሦስት ውርወራዎች ምን ያህል ይከብዱ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ምናልባት «እነዚህ ከልማድ የወጡ ዓመታት ናቸው» የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲያው ሁለት ተራ ዓመታትን እናነጻጽር። በኖቬምበር 2020 ዓ.ም. ቡድናችን በሁለተኛው ጨዋታ በሳን ፍራንሲስኮ ዩኒቨርሲቲ 61 ለ60 ተሸነፈ፤ በዚያው ወራት ግን በኮንፈረንሱ መደበኛ ጨዋታ አንደኛ ወጣ። በኖቬምበር 2021 ዓ.ም. ደግሞ በመክፈቻው ጨዋታ፣ በገዛ ሜዳው፣ በባሕር ኃይል አካዳሚ 66 ለ58 ተሸነፈ፤ በዚያም ዓመት ወደ ትልቁ ብሔራዊ ውድድር ሳይገባ ቀረ። ምልክቱ አንድ ዓይነት ሲሆን ፍጻሜው ሁለት ሆነ። በሌሎችም ዘንድ እንዲሁ ነው። በ2022 ዓ.ም. መጸው አንደኛ ይሆናል የተባለው የኖርዝ ካሮላይና ቡድን በማርች ከተመረጡት 68 ቡድኖች ውስጥ አልተገኘም፤ በዚያው መጸው ከ25ቱ ውስጥ ያልተቆጠረው የኮኔቲከት ቡድን ግን ዋንጫውን ወሰደ።

ታዲያ የወራቱ መጀመሪያ ምንም አይጠቅምም ማለታችን ነውን? አይደለም። ቡድኖችን የሚመርጠው ኮሚቴ የኖቬምበሩን ጨዋታ ከፌብሩዋሪው ጋራ አብሮ ይቆጥረዋል። እኛም ብንሆን ማየት ለፈለግን ብዙ የሚታይ አለ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንደሚባለው፣ ከውጤቱ ሰሌዳ ይልቅ የውጤቱን ምክንያት ብንመረምር ይሻላል።

ለምሳሌ ከሩቅ የሚወረወረው ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ ከቀን ወደ ቀን ይለዋወጣል። በ2018ቱ የሻርሎት ጨዋታ ቡድናችን ከ22 የሩቅ ውርወራ 4 ብቻ ሲያገባ ተጋጣሚው ከ24ቱ 12 አግብቷል። በአንድ ሌሊት እንዲህ ያለ ልዩነት ሲታይ፣ ከችሎታው ጋራ ዕድልም እጁን አግብቷል ማለት ነው። በአንጻሩ ተከላካዮች በጊዜው ወደ ቦታቸው መመለሳቸው፣ ኳስን በከንቱ አለማስነጠቃቸው፣ ከቅርጫቱ ነጥሮ የሚመለሰውን ኳስ ለመያዝ መሻማታቸው፣ በድካም ጊዜ መነጋገራቸው ከሳምንት ሳምንት ብዙ አይለዋወጥም። በኖቬምበር ልናየው የሚገባን ይህን ነው።

ሌላም ነገር አለ። በቤኔት ዘመን ቡድናችን በዝግታ ይጫወት ነበር። ዝግታው ተጋጣሚን ያደክማል፤ ነገር ግን በአንድ ጨዋታ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን ኳስ የሚይዝበትን ጊዜ ያሳንሳል። የሒሳብ ተማሪዎች እንደምታውቁት፣ 10 ጊዜ የተወረወረ ሳንቲም 100 ጊዜ ከተወረወረው ይልቅ ወደ አንድ ወገን በቀላሉ ያደላል። እንደዚሁም ጨዋታው ባጠረ መጠን ደካማው ብርቱውን የሚያሸንፍበት ዕድል ይሰፋል። ስለዚህ ከትንሽ ኮሌጅ ጋራ በጥቂት ነጥብ ልዩነት ማሸነፍ ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ ከአጨዋወቱ ስልት የመጣም ሊሆን ይችላል።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያሳስበን ነገር እንምጣ። ከ2021 ዓ.ም. ወዲህ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ መዛወርም ቀሏል። ስለዚህ ብዙ ቡድኖች በአንድ በጋ ውስጥ ከሞላ ጐደል አዲስ ይሆናሉ። ቶኒ ቤኔትም በኦክቶበር 2024 ዓ.ም. ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ሥራውን በፈቃዱ ተወ። በማርች 2025 ዓ.ም. በቦታው የተሾመው ሪያን ኦዶም ማን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ፤ በ2018 ዓ.ም. በሻርሎት ያሸነፈንን ቡድን ያሠለጠነው እርሱ ነው። ትናንት ሐዘን ያመጣብንን ሰው ዛሬ «የእኛ» ብለን ስንቀበለው፣ «የእኛ» የሚለው ቃል ከአንድ ቀን ውጤት የሰፋ መሆኑን ራሳችን መስክረናል።

በሌላ ወገን በ2018 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የስፖርት ውርርድን ለየክፍለ ግዛቱ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ተማሪ የነጥብ ቁጥር ላይ ሳይቀር ገንዘብ የሚያስይዝ ሰው በዝቷል፤ ገንዘቡን ሲያጣም ስድቡን በስልክ ወደ ተጫዋቹ ይልካል። የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ፕሬዚዳንት ቻርሊ ቤከር በማርች 2024 ዓ.ም. ይህን ዓይነት ውርርድ ክፍለ ግዛቶች እንዲከለክሉ ጠይቀዋል። እኛ ግን ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ የለብንም። የሚሰደበው ልጅ በማግሥቱ በቤተ መጻሕፍት ከአጠገባችን የሚቀመጥ ጓደኛችን ነው። አዲስ መጥቶ ሰው ያልለመደ ተጫዋች በመጀመሪያው ወር ከእኛ የሚሰማው ድምፅ፣ ይህ ቦታ ቤቱ መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል። ወላጆቻችን ከአሌክሳንድሪያና ከአርሊንግተን ወደዚህ ሲሸኙን «በሰው አገር ሰው ሁኑ» ያሉን ለዚህም ጭምር ይመስለናል።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባሎች ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ለትልቅ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን ስሙ ላልታወቀ ኮሌጅም በኖቬምበር መቀመጫችንን እንሙላ። ሁለተኛ፣ የኮንፈረንሱ ጨዋታ እስኪጋመስ ድረስ ስለ ቡድኑ ተስፋ የመጨረሻ ቃል አንናገር፤ እስከዚያው ያየነውን እንመዝግብ፣ እንከራከርበት። ሦስተኛ፣ በተማሪ ላይ አንወራረድ፤ ሲወራረድና ሲሳደብ ያየነውንም ጓደኛ በፍቅር እንገሥጸው።

የቡድናችን ተስፋ ምን ያህል ነው ብላችሁ ብትጠይቁን፣ የ2018ቱን ሌሊት ያየ ትዕቢተኛ ሊሆን አይችልም፤ የ2019ኙን ያየ ደግሞ ተስፋ ሊቆርጥ አይችልም ብለን እንመልሳለን። ማርች ፍርዱን እስኪሰጥ ድረስ የእኛ ፈንታ በቦታችን መገኘት ነው።