ውሻው ሲናከስ

ውሻን ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን ማሳደር በሸሪዓችን የተፈቀደ ነው። ዳሩ ግን በማሻና በመካነ ሰላም አካባቢ ያሳደርነው ውሻ ማንን እንደሚነክስ የምናስብ ስንቶቻችን ነን?

ውሻ በአብዛኛው ያለ ምክንያት አይናከስም። ቀኑን ሙሉ በአጭር ገመድ የታሰረ፣ በድንጋይ የሚወገር፣ እየበላ ሳለ ሕፃን የነካው ይናከሳል፤ ቡችሎች ያሏትማ የባሰች ናት። ልጆቻችን ውሻ ሲመጣባቸው እንዳይሮጡ፣ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ እናስተምራቸው።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ በሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። የሚገርመው፣ የውሻ ምራቅ ልብሳችንን ሲነካ ለማጠብ እንቸኩላለን፤ የተነከሰ ልጅ ቁስል ግን ሳይታጠብ ሥራሥር ፍለጋ እንሄዳለን። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሩብ ሰዓት ያህል አጥበን፣ ሳናሳድር ጤና ጣቢያ እንውሰደው። በጊዜው የተጀመረ ክትባት ሕይወት ያተርፋል።

በሽታው የዱር አራዊትንም ይፈጃል። በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ እጅ ያህል በዚሁ በሽታ አልቀዋል፤ ምንጩም የቤት ውሻ ነበር። እንግዲህ እረኞቻችን ወደ ደጋው ሲወጡ ውሻው ቤት ይቅር። ክትባት ሲመጣም በሬውን አስከትበን ውሻውን «ውሻ ነው» ብለን አንተወው።