ወደ ቤዚክ የተመለሱ ሰዎች

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር




በወጣትነቱ ቤዚክ የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ተምሮ፣ በኋላም በሥራ ብዛትና በሌሎች ቋንቋዎች መምጣት ምክንያት ትቶት የኖረ ባለሙያ፣ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ሊመለስበት ሲነሣ ቋንቋውን እንደ ተወው አያገኘውም። በዚህ ረገድ ግን እርሱ የመጀመሪያው አይደለም። ከማንም አስቀድሞ ወደ ቤዚክ የተመለሱትና ባዩት ነገር ያዘኑት የቋንቋው ፈጣሪዎች ራሳቸው ናቸው። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮፌሰር ጆን ኬሜኒና ፕሮፌሰር ቶማስ ከርትዝ በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ግዛት በሚገኘው በዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን ነበሩ። በዚያ ዘመን በኮምፒዩተር ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ፕሮግራሙን በካርድ ላይ በስቶ ለማሽኑ ጠባቂዎች ያስረክባል፤ መልሱንም ለመቀበል ሰዓታት፣ አንዳንድ ጊዜም ቀናት ይጠብቃል። በአንዲት ነጠላ ስሕተት ምክንያት ሥራው ከንቱ ሆኖ ቢመለስለት እንደገና ተራ ይይዛል። በ1950ዎቹ ዓመታት ኮሌጁ የራሱ ኮምፒዩተር ከማግኘቱ በፊት ከርትዝ ካርዶቻቸውን ይዘው ወደ ኤም አይ ቲ በባቡር ይመላለሱ ነበር። ሁለቱ መምህራን የተነሡበት ዓላማ ግን ከዚህ ድካም መገላገል ብቻ አልነበረም። ከኮሌጁ ተማሪዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ የሳይንስ ወይም የምሕንድስና ተማሪዎች አልነበሩም፤ ነገ በመንግሥትና በንግድ ሥራ ላይ ውሳኔ የሚሰጡት ግን አብዛኞቹ እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ ኮምፒዩተር እንደ ቤተ መጻሕፍት ለማንኛውም ተማሪ ክፍት ይሁን አሉ። ሜይ 1 ቀን 1964 ሌሊት ዐሥር ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው የቤዚክ ፕሮግራም ሠራ። ቋንቋው የነበሩት ትእዛዞች ዐሥራ አራት ያህል ብቻ ነበሩ።

የቤዚክ መለያ ሆኖ የቀረው የመሥመር ቁጥር ከምን እንደ መጣ ማስታወስ ይገባል፤ ብዙ ሰው የጀማሪ መደገፊያ ይመስለዋልና። ተማሪው የሚሠራው በቴሌታይፕ፣ ማለትም በወረቀት ላይ በሚያትም የጽሕፈት መሣሪያ ነበር። በወረቀት ላይ የታተመን መሥመር ወደ ኋላ ተመልሶ ማረም አይቻልም። ስለዚህ መሥመር 30 የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ 30 ብሎ አዲሱን ይጽፋል፤ ኮምፒዩተሩም አሮጌውን ጥሎ አዲሱን በቦታው ያኖራል። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ቢተወው መሥመሩ ይሰረዛል። በ10 እና በ20 መካከል የተረሳ ነገር ቢኖር 15 ብሎ ያስገባል፤ በዐሥር በዐሥር የሚቆጠረውም ለዚሁ ነው። ይኸው ቁጥር ደግሞ «ጎቱ» የተባለው ትእዛዝ ሥራውን ወዲያና ወዲህ የሚልክበት አድራሻ ሆነ። ለማረሚያ የተሰጠው ቁጥር ለመዝለያም ዋለ ማለት ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው።

በ1975 ቢል ጌትስና ፖል አለን አልቴር ለተባለው ትንሽ ኮምፒዩተር ቤዚክን ሲያዘጋጁ፣ አነስተኛው ዓይነት በ4 ኪሎባይት የማስታወሻ ስፍራ እንዲሠራ ማድረግ ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ፋብሪካ የየራሱን ዘዬ አወጣ። ስፍራ ለመቆጠብ ሲባል በአንድ መሥመር ብዙ ትእዛዝ ማጨቅና ማብራሪያን መተው እንደ ብልሃት ተቆጠረ። የሆላንዱ ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ በዚያው በ1975 ቤዚክን አስቀድሞ የለመደን ተማሪ ጥሩ አሠራር ማስተማር የማይቻል ያህል ነው ብለው ፈረዱ። ከእነዚያ ተማሪዎች መካከል ብዙዎች የተዋጣላቸው ባለሙያዎች መሆናቸው ሲታይ ፍርዱ ከልክ ያለፈ ነበር።

በዳርትመዝ ግቢ ውስጥ የነበረው ቤዚክ ግን በ1970ዎቹ ዓመታት ሁሉ እየተሻሻለ፣ ያለ ጎቱ በሥርዓት የሚጻፍበት ቋንቋ ወደ መሆን ደርሶ ነበር። ኬሜኒ ከ1970 እስከ 1981 የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከዚያ ኃላፊነት ከወረዱ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በውጭ የተስፋፋውን ሲያዩ የጎዳና ቤዚክ ብለው ሰየሙት። በ1983 ድርጅት አቋቁመው «ትሩ ቤዚክ»፣ እውነተኛው ቤዚክ ማለት ነው፣ የተባለውን አዘጋጁ። በ1985 ያሳተሙት መጽሐፍ ንኡስ ርእስም የቋንቋውን ታሪክና የወደፊት ዕጣ ብቻ ሳይሆን መበላሸቱንም በግልጽ የሚጠራ ነው።

በአሠራር ረገድ እውነቱ ከእነርሱ ጋር ነበር፤ በባለቤትነት ረገድ ግን አልነበረም። ቋንቋውን ለማንም ክፍት ይሁን ብለው የለቀቁት እነርሱው ናቸው። በ1982 የወጣውን ኮሞዶር 64 ያበራ ልጅ፣ የኮሌጅ ደጃፍ ረግጦ ባያውቅም፣ ማሽኑ «ዝግጁ» ብሎ ትእዛዙን ሲጠብቅ ያየው ነበር። ይህ በተበላሸ ቤዚክ የተፈጸመ የኬሜኒና የከርትዝ ሐሳብ ነው። ትሩ ቤዚክ ገበያውን አልያዘም። ይልቁንም የጎዳናው ቤዚክ ራሱ ታረመ፤ በ1991 ከኤም ኤስ ዶስ 5 ጋር በወጣው ኪውቤዚክ የመሥመር ቁጥር ግዴታ አልነበረም።

እንግዲህ ዛሬ የሚመለሰው ባለሙያ ኪውቢ64ን ወይም ፍሪቤዚክን ከፍቶ የቀድሞ ፕሮግራሙን ከወረቀት ሲገለብጥ ምን ይገጥመዋል? ጽሑፉ በስክሪን ላይ ጥቂት እንዲቆይ ሲል ኮምፒዩተሩን ከ1 እስከ 1000 በባዶ ያስቆጥረው ነበር፤ ዛሬ ቆጠራው ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። «ፒክ»ና «ፖክ» የሚጠሯቸው አድራሻዎችም ከአሮጌው ማሽን ጋር ቀርተዋል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም እየጠገኑ ከማንከላወስ አሳቡን ተረድቶ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል።

ቁጥሮቹን ከማንሣቱ በፊት ግን የትኞቹ ለዐሥር ሳይካፈሉ እንደ ቀሩ ቢመለከት መልካም ነው። መሥመር 15 ወይም መሥመር 37 ባለበት ሁሉ ያ ወጣት ተሳስቶ፣ ቆም ብሎ አስቦ፣ በኋላ ያስገባው ነገር አለ።