ቁርጥማቱ ከመርፌው ነውን?



ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በባቢሌ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ አለ እንበል። ሰውነቱ ዝሎ፥ የወንድነት ኃይሉ ደክሞ ወደ ሐኪም ቢሄድ፥ በደም ምርመራ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞን ማነሱ ታወቀና በመርፌ ይተካለት ጀመር። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ጉልበቱንና ወገቡን ይቈረጥመው ጀመር። «ያሳመመኝ ይኸው መርፌ ነው» ብሎም ሕክምናውን ለመተው ቈረጠ። ፍርዱ ትክክል ነውን?

በርግጥ መርፌውም ሊጠረጠር ይገባል። ሆርሞኑ በሰውነት ውስጥ ውሃ እንዲቋጠር በማድረግ መገጣጠሚያን ሊያሳብጥ ይችላል። ደግሞም ከቴስቶስቴሮኑ ከፊሉ ወደ ኤስትሮጅን ይለወጣል፤ ይኽም ለወንድ አጥንት ጭምር የሚያስፈልግ ነው። ይኸን ለውጥ የሚያግዱ እንክብሎች አብረው ሲወሰዱ ኤስትሮጅን ከመጠን በላይ ያንስና ቁርጥማት ሊከተል ይችላል። ብርታት ተሰማኝ ብሎ በድንገት ከባድ ሸክም የሚያነሣም ሰው ጅማቱን ሊጎዳ ይችላል።

ነገር ግን በዚያ አገር ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም «የጠጣኸው ወተት ፈልቷልን?» የሚለው ነው። ብሩሴሎሲስ የተባለው በሽታ ባልፈላ የግመል፥ የፍየልና የላም ወተት ወደ ሰው ይተላለፋል። ትኩሳትና ላብ፥ የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የዘር ፍሬን ያሳብጣል። የዘር ፍሬ ደግሞ የቴስቶስቴሮን ምንጭ ነው። እንግዲህ ድካሙም ቁርጥማቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ሆነው ሳለ መርፌው ያለ ጥፋቱ ሊከሰስ ይችላል ማለት ነው። በማልታ ደሴት የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች በዚሁ በሽታ ይሠቃዩ ነበር፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1906 ዓ.ም. ጥሬ የፍየል ወተት እንዳይጠጡ በተከለከሉ ጊዜ ግን በሽታው ወዲያው ቀነሰ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፥ ሕመም ቢሰማችሁ መርፌውን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ማስታገሻ እየገዛችሁም አትሸፍኑት። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ ከመርፌው ቀን ጋር ይመላለስ እንደ ሆነ፥ ትኩሳት እንዳለበት፥ ምን ዓይነት ወተት እንደ ጠጣችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩት። ብሩሴሎሲስ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ ቢያንስ ለ6 ሳምንት ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት።

ለእንግዳ ወተት ማቅረብ የአገሩ ክብር ነው፤ ወተቱን ማፍላት ግን ክብሩን አይቀንሰውም።