የማርገቢያ ታንክ መጠን በምን ይወሰናል?



ባለፒስተን ኮምፕረሰር ጋዝን የሚገፋው በምት በምት ነው። በደቂቃ 600 ጊዜ የሚዞርና በፒስተኑ በሁለቱም ጎን የሚጨምቅ ማሽን በሰከንድ 20 ምት ወደ ቧንቧው ይልካል። በሜቴን ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ጫፉ የተዘጋ የ5.6 ሜትር ቅርንጫፍ ቧንቧ ከዚህ ምት ጋር ያስተጋባል፤ ብየዳው ዝሎ ይሰነጠቃል፣ ጋዙም ያመልጣል።

የማርገቢያ ታንክ ተግባር ይህን የግፊት መዋዠቅ ማለዘብ ነው። የኤፒአይ 618 ደረጃ የታንኩን ዝቅተኛ ይዘት የሚያሰላው ፒስተኑ በአንድ ዙር ከሚጠርገው መጠን፣ ከጋዙ ሙቀትና ከሞለኪዩላዊ ክብደቱ ተነሥቶ ነው። ጋዙ በቀለለ ቁጥር ታንኩ ይገዝፋል፤ በተመሳሳይ ሙቀት ሃይድሮጂን የሜቴንን 1.7 እጥፍ ገደማ ይሻል።

ቀመሩ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የቧንቧው ርዝመት በውስጡ የለምና። ስለዚህ ታንኩን ከመላው መስመር ጋር አብሮ መመርመር ግድ ይላል።